ከልጄ ጋር የትኛውን የፉትቦል ፊልም ልይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባና የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ተመዘገበ። እኔ ያደግኩት በእግር ኳስ ነው። ይሄኛው ጨዋታ ግን ሁለት ሰከንድ ተሯሩጠው ሁለት ደቂቃ ይቆማሉ፤ ምኑ እንደሚጥማቸው አልገባኝም። ሥራ ቦታ ደግሞ የፉትቦል ፊልም በተነሳ ቁጥር የእኔ ይበልጣል የእኔ ይበልጣል እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። ደጋፊዎች የሚወዷቸው የትኞቹን ነው? ከልጄ ጋር የትኛውን ልይ? የትኛውንስ ልተወው?»

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄዎን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ እኔም ልክ እንደዚያ ነበርኩ። ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ለጥቂት ዓመታት የአንድ ሃይስኩል ቡድን ጨዋታ እየቀረጽኩ ቅዳሜ ጠዋት ለአሰልጣኞቹ እቆራርጥላቸው ነበር። እዚህ አገር ያንን ቅጂ «ፊልም» ነው የሚሉት። ልጆቹ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ ይሰበሰቡና አንዷን እንቅስቃሴ አሥር ጊዜ እያስመለሱ ያያሉ። ጨዋታውን የተማርኩት ሜዳ ላይ ሳይሆን እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ያሰለቸዎትን ነገር እናንሳ፤ የፊልሞቹ ሚስጥር እዚያው ውስጥ ነውና። ሮጥ ብለው ይቆማሉ ያሉት እውነት ነው። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2010 የፕሮፌሽናል ጨዋታዎችን በሰዓት ለክቶ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ከሚፈጅ ስርጭት ውስጥ ኳሱ የሚንቀሳቀሰው ወደ 11 ደቂቃ ብቻ መሆኑን ጽፎ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ተመልካች ይህ ጣጣ ነው። ለካሜራ ግን ሲሳይ ነው።

እስኪ ያስቡት። ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይማከራሉ። ክቡ «ሀድል» ይባላል። ዳይሬክተሩ ካሜራውን እዚያ መሀል ሰዶ ያሻውን ያናግራቸዋል። ከዚያ ይሰለፋሉ። ትንፋሻቸው ይሰማል፤ ብርድ ከሆነ ይታያል። ኳሱን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ልጅ፣ ኳርተርባኩ፣ ይጮኻል። ኳሱ ይነሳል፣ ሰው ከሰው ይላተማል፣ አምስት ስድስት ሰከንድ፣ ከዚያ ፊሽካ። መጀመሪያ፣ መካከል፣ መጨረሻ ያለው ትዕይንት ነው። እንደ እኔ ላለ አቀናባሪ ግማሹ ሥራ ሜዳው ላይ አልቋል።

ሄልሜቱ ደግሞ አለ። ፊት ይሸፍናል። ተዋናዩ በሕይወቱ ሜዳ ረግጦ ባያውቅም ችግር የለም፤ ዱላውን ስታንትማን ይቀበልለታል፤ ሄልሜቱ ሲወልቅ ተዋናዩ ላቡን እየጠረገ ብቅ ይላል። በእኛ እግር ኳስ ይህ አይሆንም። እግር አይዋሽም። ሰውየው ኳሷን አንዴ ሲነካት ተጫዋች ይሁን ተዋናይ ወዲያው ይለያል። በ1981 የወጣውን «ኢስኬፕ ቱ ቪክትሪ» አይተውት እንደሆነ፣ ፔሌ አለበት፣ ሲልቨስተር ስታሎን ደግሞ በረኛ ነው። ሌላ የት ያስገቡት?

ፊልሞቹን ከመጀመርዎ በፊት ይህቺን ታህል ሕግ ይያዙ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም ከ9 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ሙከራው «ዳውን» ይባላል። ከሄደ እንደገና አራት ያገኛል፤ ካልሄደ ኳሱን ያስረክባል። ኳስ ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ ተችዳውን ነው፣ 6 ነጥብ። በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ማሳለፍ 3 ነጥብ። ፊልም ላይ ሙዚቃው ዝግ ብሎ ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ሲነሳ፣ አራተኛው ዳውን ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። ሌላው ይቅርብዎ።

አሁን ወደ ፊልሞቹ። አሌክሳንድሪያ ነኝ ባይሉኝ በሌላ እጀምር ነበር። እርስዎ ግን በ2000 የወጣውን «ሪሜምበር ዘ ታይታንስ» ካላዩ ያስቀይሙኛል። የሰፈርዎ ታሪክ ነው።

ዴንዘል ዋሽንግተን ኸርማን ቡን የሚባለውን ጥቁር አሰልጣኝ ሆኖ ነው የሚጫወተው። ጊዜው 1971 ነው። ከተማዋ ሦስት ሃይስኩሎቿን አቀላቀለችና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ ቲ ሲ ዊሊያምስ ወደሚባለው ትምህርት ቤት አስገባች። ሦስት ቡድን አንድ ቡድን ሆነ። ነጩ አሰልጣኝ ቢል ዮስት ይይዘዋል የተባለው ወንበር ለቡን ተሰጠ። ልጆቹ ነሐሴ ላይ ጌቲስበርግ ካምፕ ገቡ። ሲዝኑን 13 ጨዋታ ተጫውተው 13ቱንም አሸንፈው የቨርጂኒያ ሻምፒዮን ሆኑ። እስከዚህ ድረስ ያየሁት ሁሉ እውነት ነው ቢሉ አልተሳሳቱም።

ከዚያ በኋላ ግን መቀሱ ገብቶበታል። ፊልሙን የሚያይ ሰው ጥቁርና ነጭ ተማሪ በዚያ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በዚያ ዓመት ይመስለዋል። ትምህርት ቤቱ ግን በ1965 ሲከፈትም የተቀላቀለ ነበር። የ1971ዱ ጣጣ ሦስት ተቀናቃኝ ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስገባቱ ነው። የጊዮርጊስንና የቡናን ልጆች በአንድ ሌሊት አንድ ማሊያ አልብሰው ሜዳ ያስገቧቸው፤ የቆዳ ቀለሙን ነገር በላዩ ይጨምሩበት። እንደዚያ ነው። ዮስት አራት ሴት ልጆች ነበሩት፤ ፊልሙ አንዷን ብቻ አስቀርቷል። አምበሉ ጌሪ በርቲየር በመኪና አደጋ ሽባ የሆነው ከፍጻሜው በፊት ሳይሆን ሲዝኑ አልቆ ለቡድኑ ግብዣ በተደረገ ምሽት ነው።

የፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ በፊልሙ በመጨረሻዋ ሰከንድ የሚለይለት፣ ልብ የሚያቆም ነው። በእውነቱ 27 ለ 0 ነው ያለቀው። ያ ቡድን ብዙዎቹን ተጋጣሚዎቹን ጎል እንኳ ሳያስገቡበት የሚሸኝ ቡድን ነበር፤ «ጎል» ስል የእኛን ቋንቋ ተውሼ ነው። የፈተነው ማርሻል የሚባለው ሃይስኩል ነው፤ እሱ ጨዋታ ግን የነበረው በሲዝኑ መካከል ነው። ፊልም ሠሪዎቹ አንስተው መጨረሻው ላይ ተከሉት። አልፈርድባቸውም። 27 ለ 0 ያለቀ ጨዋታ ይዞ የሚመጣ ዳይሬክተር ቢገጥመኝ እኔም እንደዚያው አደርገዋለሁ።

ፊልሙ የማይነግርዎት አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ትዕይንት ይሄ ነበር። ቲ ሲ ዊሊያምስ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ የነበረ፣ የጥቁርና የነጭ ተማሪዎችን መቀላቀል አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነው። ያ ቡድን የሚወክለው ትምህርት ቤት የተሰየመው በእሱ ነበር። ስሙ የተነሳው በ2021 ነው፤ አሁን አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ይባላል። ዛሬ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ከሚጽፉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ፍሪጅዎ ላይ አንድ ሁለቱ ሳይለጠፉ አይቀሩም።

ሥራ ቦታ የሚጨቃጨቁት ሰዎች ግማሾቹ ታይታንስ ይላሉ። ሌሎቹ «ፍራይዴይ ናይት ላይትስ» ይላሉ፤ ጠርተው ይጠይቋቸው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ፊልሙ በ2004 ወጣ። መነሻው ጋዜጠኛው በዝ ቢሲንገር በ1990 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሰውየው ምዕራብ ቴክሳስ፣ ኦዴሳ የምትባል የነዳጅ ከተማ ሄዶ የፐርሚያን ሃይስኩልን የ1988 ሲዝን አብሯቸው ኖረ። አገሩ ደረቅ ነው፣ ሜዳ ብቻ። ዓርብ ማታ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከተማውን ሙሉ ተሸክሞ ይገባል።

እዚያ ሲዝን ውስጥ ማንም ደራሲ ቢጽፈው «አበዛኸው» የሚባል ነገር ሆኗል። ሦስት ቡድኖች እኩል ጨረሱ፤ የሚያልፉት ሁለት ናቸው። ሦስቱ አሰልጣኞች በውድቅት ሌሊት አንድ የጭነት መኪና ማደሪያ ተገናኝተው ሳንቲም ጣሉ። የእኛ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ነው እንግዲህ፤ በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ። ፐርሚያን አለፈ።

ከዚያ ግን ተሸነፈ። በፊልሙ የሚሸነፈው በፍጻሜው፣ ሂውስተን በሚገኘው በግዙፉ አስትሮዶም፣ አንዲት ያርድ ጎድሎት ነው። በእውነቱ በግማሽ ፍጻሜው፣ ኦስቲን ላይ በዝናብ ውስጥ 14 ለ 9 ነው የተሸነፈው። አሸናፊው የዳላሱ ካርተር ሃይስኩል ዋንጫውን ወሰደ፤ በኋላ ግን በአንድ ተጫዋች የአልጀብራ ማርክ ክርክር ተነጠቀ። ቦታውንና ውጤቱን ቀየሩ፤ መሸነፉን ግን አልነኩትም። ለዚህ ነው የምወደው።

ቡቢ ማይልስን ልብ ብለው ይዩት። የቡድኑ ኮከብ ነው። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤ ያዥጎደጉዱለታል፤ ትምህርቱ ላይ ግን የለም፤ ማንንም ግድ አላለውም። ጉልበቱ ሄደ። (በእውነቱ የተጎዳው ሲዝኑ ሳይጀመር በወዳጅነት ጨዋታ ነው።) ሎከሩን ባዶ አድርጎ፣ ጓዙን ተሸክሞ፣ ለጓደኞቹ ምንም እንዳልሆነ ሰው እያወራ ይወጣል። የአጎቱ መኪና ውስጥ ይገባል። በሩ ሲዘጋ ያነባል። «ከፉትቦል ሌላ የምችለው የለኝም፤ ምን እሠራለሁ?» ነው ለቅሶው። ልጅዎ አጠገብዎ ከሆነ እዚህ ጋ ምንም አይበሉ። ትንሽ ቆይተው ስለ ማርኩ ይጠይቁታል።

«ሩዲ» በ1993 የወጣ ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ተሰጥኦ የሌለው ልጅ ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለአንድ ደቂቃ እንኳ መጫወት ይመኛል። በ1975 ከጆርጂያ ቴክ ጋር በተደረገ ጨዋታ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ገባ፤ የተጋጣሚውን ኳርተርባክ ጣለው፤ ጓደኞቹ በትከሻቸው ተሸክመው አወጡት። ይሄ ሁሉ ሆኗል። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ እየመጡ ማሊያቸውን አሰልጣኙ ጠረጴዛ ላይ የሚጥሉበት፣ ሰው ሁሉ የሚያለቅስበት ትዕይንት ግን ፈጠራ ነው። አሰልጣኙ ዳን ዴቫይን ራሱ እንዲሰለፍ የፈለገ ሰው ነበር፤ ፊልሙ ጨካኝ ስለቸገረው እሱን አደረገው። የስታዲየሙ ጩኸት እውነተኛ ነው፤ በ1992 ኖትርዳም ከቦስተን ኮሌጅ ሲጫወት በእረፍት ሰዓት ገብተው ቀረጹት። ልጅዎ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚያረጅ ከሆነ ይሄንን ያሳዩት።

ስለ «ዘ ብላይንድ ሳይድ» ረዘም ላድርግ፤ ቤተሰብ ሁሉ የሚወደው እሱ ነውና። በ2009 ወጣ፤ ሳንድራ ቡሎክ ኦስካር አገኘችበት። የሚጀምረው በእውነተኛ ቅጂ ነው። ኅዳር 18 ቀን 1985፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አርኤፍኬ ስታዲየም። የኒውዮርኩ ሎረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይስማንን ከኋላው ደርሶ ይይዘዋል። እግሩ ይሰበራል። የታይስማን የተጫዋችነት ዘመን እዚያች ሰከንድ ላይ አከተመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ሊወረውር ሲዘጋጅ ግራ ጎኑ ከጀርባው ይቀራል። አያየውም። «ብላይንድ ሳይድ» የሚባለው ያ ነው። እዚያ ቆሞ የሚጠብቀው ግዙፍ ሰው ሌፍት ታክል ይባላል። ኳስ አይነካም፣ ነጥብ አያስቆጥርም፣ ስሙን ተመልካች አያውቀውም። ይሁንና ከሜዳው ውድ ተከፋዮች አንዱ ሆነ። እኔ ቅጂ ስቆራርጥ አንድ ቅዳሜ አሰልጣኙ አንዲት ረጅም ተችዳውን ስድስት ጊዜ አስመለሰኝ። ኳሱን የያዘውን ልጅ አንዴም አላየውም። ሌዘሩን ግራ ጥግ ላይ፣ ሁለት እግሩን ተክሎ ከራሱ የሚበልጥ ልጅ ገትሮ ባቆመ ልጅ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። እናትና አባቱ ማታ ስታዲየም ውስጥ ነበሩ፤ ያንን አላዩም።

ፊልሙ የማይክል ኦኸር ታሪክ ነው፤ መጠለያ ያልነበረው ጥቁር ልጅ፣ ሀብታም ነጭ ቤተሰብ ቤቱን ከፈተለት ይላል። ኦኸር በ2009 ባልቲሞር ሬቨንስ የተባለው ፕሮፌሽናል ቡድን ገባ፤ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሱፐርቦውልንም፣ አሸነፈ። ስለ ፊልሙ ግን ቅሬታ አለው። ጨዋታውን የማያውቅ፣ ትንሽ ልጅ በኬቻፕ ጠርሙስ የሚያስተምረው ሰው አድርገው ማሳየታቸው አናዶታል፤ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ጨዋታውን ያጠና ነበር። በ2023 ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ልጅ አድርገው እንዳልወሰዱት፣ በ2004 ያስፈረሙት በጉዳዩ ላይ የመወሰን ሥልጣን የሚሰጣቸውን ወረቀት መሆኑን ተናገረ። ቤተሰቡ ክሱን አስተባብሏል። ዳኛዋ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ያንን ሥልጣን አነሱት። ፊልሙን ይዩት፤ ጥሩ ተሠርቷል። ግን ካለቀ በኋላ ይህንን ለልጅዎ ሳይነግሩት እንዳይተኛ።

ከልጅ ጋር የማይታየው «ኤኒ ጊቭን ሰንደይ» ነው፤ የ1999 የኦሊቨር ስቶን ፊልም። ስድቡም፣ ዕጹም፣ እርቃኑም አለ። ፕሮፌሽናል ሊጉ ኤንኤፍኤል አልተባበረም፤ ስለዚህ የቡድኖቹ ስምና ማሊያ ሁሉ የፈጠራ ነው። ልጁ ከተኛ በኋላ ግን ብቻዎን ይዩት። አል ፓቺኖ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ የሚያደርገውን ንግግር ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። እኔ ከንግግሩ ይልቅ ድምፁን ነው የምሰማው፤ አጥንት ሲጋጭ የሚሰማውን እንደዚያ ያቀናበረ የለም። የ1974ቱ «ዘ ሎንጌስት ያርድ» እስረኞች ከጠባቂዎቻቸው ጋር የሚጫወቱበት ነው፤ ሽማግሌ ደጋፊዎች ሙጭጭ ብለውበታል። «ጄሪ ማጓየር» ስለ ተጫዋች ወኪል ነው፤ ባለቤትዎም አብረው ቢያዩት አይሰለቻቸውም።

አሜሪካዊ ወንድ ሳያፍር ያለቀስኩበት የሚለው ፊልም «ብራያንስ ሶንግ» ነው። ለቴሌቪዥን ተሠርቶ ኅዳር 1971 ታየ፤ የእርስዎዎቹ ታይታንስ ሲዝናቸውን በሚጨርሱበት ሰሞን መሆኑ ነው። ጌል ሴየርስና ብራያን ፒኮሎ የቺካጎ ቤርስ ተጫዋቾች ናቸው፤ ለአንድ ቦታ ይፎካከራሉ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ ሆነው ጉዞ ላይ አንድ ክፍል ይጋራሉ። ፒኮሎ በ1970 በ26 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ጨዋታው ራሱ ትንሽ ነው፤ ሁለት ሰው ክፍል ውስጥ ሲቀላለድ ነው አብዛኛው። መሐረብ አዘጋጁ።

የመጨረሻው «ኮንከሽን» ነው፣ 2015። ዊል ስሚዝ ናይጄሪያ የተወለደውን ሐኪም ቤኔት ኦማሉን ሆኖ ይሠራል። ኦማሉ በ2002 የሞተውን የፒትስበርጉን የቀድሞ ተጫዋች የማይክ ዌብስተርን አስከሬን ሲመረምር፣ በየጊዜው የተመታ አንጎል ምን እንደሚሆን አየ። ዌብስተር 50 ዓመቱ ነበር። ኦማሉ በ2005 ጽሑፉን አሳተመ፤ ሊጉ ተቃወመው፤ ከዓመታት በኋላ ለቀድሞ ተጫዋቾች ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ደጋፊዎች ይህን ፊልም አይወዱትም፤ ዝርዝራቸው ውስጥም አያገኙትም። እርስዎ ግን ወላጅ ነዎት። ኦማሉ ደግሞ ከእኛው አህጉር መጥቶ «አንተ ማን ነህ?» የተባለ ሰው ነው፤ ያንን ጥያቄ ያውቁታል።

እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ ያጫውቱት ወይም ይከልክሉት አልልም። ግን ይህንን ይወቁ፦ በቨርጂኒያ ሕግ ጭንቅላቱ ተጎድቷል ተብሎ የተጠረጠረ ተማሪ የዚያኑ ዕለት ተመልሶ አይጫወትም፤ ከዚያ በኋላም የሚመለሰው ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ መርምሮት በጽሑፍ ሲፈቅድለት ነው። አሰልጣኙ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይጠይቋቸው። ለልጅዎም፣ ራስህን ካዞረህ «ደህና ነኝ» ማለት ጀግንነት አይደለም ይበሉት።

ቅደም ተከተሉን እኔ ብሆን ታይታንስን አስቀድማለሁ፣ ከዚያ ብላይንድ ሳይድ፣ ከዚያ ፍራይዴይ ናይት ላይትስ። ሪሞቱን ለልጅዎ ይስጡት። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ያቁመውና አሁን ምን ሊሆን እንደሆነ ይንገርዎ። ቅዳሜ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ የምንሠራው ይህንኑ ነበር። በሦስተኛው ፊልም እርስዎም መገመት ይጀምራሉ፤ ሲስት ደግሞ ሊያርሙት ይቃጣዎታል። የትኛው ቦታ እንደሚጫወት አልነገሩኝም። ይጻፉልኝ፤ የእሱን ቦታ የሚያሳየውን ትዕይንት እጠቁምዎታለሁ።